መስታወቱ የረገፈ መስኮት፦ ከለንደን እስከ ቲንተርንና ግሎስተር

ለንደን የወሰደኝ ክርስትና ነው። የአክስቴ ልጅ ሴት ልጅ ተወልዳለት፣ "ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ" ብሎ ቪዛዬን ሲያስጨርስ ከረመ። ድግሱ አልፎ እንግዳው ሲበተን ለመመለሻዬ ገና ቀናት ነበሩኝ። እነሱን ለራሴ ጉዳይ አዋልኳቸው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የውሃ ቀለም ሥዕል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መስኮት ሲሥሉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይያዛሉ። መስታወቱን ቢጫ ይቀቡታል፣ አይበራም፤ ይደግሙታል፣ ጭራሽ ይደፈርሳል። ወረቀት ከፊቱ የመጣለትን ብርሃን ይመልሳል እንጂ ከኋላው አያሳልፍም፤ የመስኮት ሥራው ደግሞ ከኋላ ማሳለፍ ነው። ለዚህ ምሳሌ አድርጌ የማሳያቸው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር በ1794 የሣለውን፣ ዌልስ የሚገኘውን የቲንተርን ገዳም ምሥራቃዊ መስኮት ነው። እስካሁን ያየሁት በስልክ ብቻ ነበር። አሁን ወረቀቱንም መስኮቱንም በዓይኔ የማየት ዕድል አገኘሁ። የጉዞዬን ቀኖች በእኛ አቆጣጠር፣ የታሪኩን ዓመታት ግን በፈረንጆቹ ጽፌአለሁ።

ለንደን፣ መስከረም 21

የግሸን ማርያም ዕለት ነበር። የአክስቴ ልጅ ሚስት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እኔ በተቃራኒው አቅጣጫ አውቶቡስ ያዝኩ። ለንደን ውስጥ ርካሽ ነገር አለ ከተባለ አውቶቡስ ነው፤ እኔ በ1.75 ፓውንድ ግማሽ ከተማ አቋረጥኩ። ረዳት የለ፣ "ወራጅ አለ" የለ፤ ቁልፍ ተጭኖ በዝምታ መውረድ ነው።

ቴት ብሪቴይን የሚባለው ሙዚየም ፒምሊኮ ሰፈር፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ተርነር ሲሞት በእጁ የነበሩት ሥራዎች ለሕዝብ ተላልፈው እዚህ ተቀምጠዋል፤ በወረቀት ላይ የተሠሩት ብቻ ከ30,000 በላይ ናቸው። የውሃ ቀለም ብርሃን በበዛበት ቁጥር ስለሚለቅ አብዛኛው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ሳጥን ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ነው የሚኖረው። ማየት የፈለገ ሰው አስቀድሞ በኢሜይል ቀጠሮ ይይዛል፤ እኔ ገና ቪዛው እጄ እንደገባ ነበር የጻፍኩት።

ቦርሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል። እጅ ይታጠባሉ። እስክሪብቶ ክልክል ነው። ከዚያ አንዲት ሠራተኛ ሥዕሉን በካርቶን ክፈፉ ውስጥ እንዳለ ይዛ መጥታ ማቆሚያው ላይ አደረገችልኝና "ጊዜ ወስደሽ እዪው" ብላኝ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ጥበቃ የለ፣ ገመድ የለ። እንዲህ ያለ እምነት ሳይገባኝ መቀበሌ ትንሽ አስጨነቀኝ።

ሥዕሉ ትንሽ ነው። ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 25፤ ከተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በመጠኑ ይበልጣል። ተርነር ቲንተርን መጀመሪያ የሄደው በ1792 በ17 ዓመቱ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ሄዷል። የቆመው የቤተ ክርስቲያኑ ክንዶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሆኖ ወደ መቅደሱ፣ ወደ ምሥራቅ እያየ ነው። ግራና ቀኝ የድንጋይ ቅስቶች ከወረቀቱ ጫፍ ሊወጡ ምንም አይቀራቸው። ከላይ ሐረግና ቁጥቋጦ ተንጠልጥሏል። ጣሪያ የለም። ከሁሉም ኋላ መስኮቱ አለ፤ ጥፍር የምታክል የመስታወት ስባሪ እንኳ የለበትም። መሐሉን ሰንጥቆ የቆመ ቀጭን የድንጋይ ዘንግና ከላዩ የድንጋይ ቅርጽ ብቻ።

በአጉሊ መነጽር ስጠጋው የፈለግሁትን አገኘሁ። ድንጋዩ ላይ ቀለሙ ተደራርቧል፤ ሰማያዊ ግራጫ፣ በላዩ ቡናማ፣ በላዩ ደግሞ አረንጓዴ የቅጠል ነጠብጣብ። የእርሳሱ መስመር እዚህም እዚያም ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰማይ ግን ውሃ ሊባል ምንም ያልቀረው ስስ ቀለም ነው፤ የወረቀቱ ቃጫ ሳይቀር በውስጡ ይታያል። ልጁ ብርሃኑን አልቀባውም። ዙሪያውን አጨልሞ ወረቀቱን ለቀቀው። ለተማሪዎቼ በአፌ የምለው ይህንኑ ነው፤ ስልክ ላይ ግን ማሳየት አልቻልኩም ነበር፣ ስልክ ራሱ ከኋላ ስለሚበራ ነጩም ጥቁሩም እኩል ያበራበታል።

ማታ የአክስቴ ልጅ ጠየቀኝ።

"እና ዛሬ ምን አየሽ?"

"አንድ ሥዕል።"

"ሙሉ ቀን? አንድ ወረቀት?"

"ነገ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ገዳም እሄዳለሁ።"

"ፈርሷል አላልሽኝም እንዴ?"

"ከፈረሰ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።"

ሚስቱን ዞር ብሎ አያትና "ስንቅ ቋጥሪላት" አለ።

ቼፕስቶ፣ መስከረም 22

ከፓዲንግተን ጣቢያ ወደ ዌልስ የሚሄደውን ባቡር ትኬት ከሳምንታት በፊት በመቁረጤ 41 ፓውንድ ነው የከፈልኩት። እዚያው ዕለት ለሚገዛ ሰው ከእጥፍ በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአውሮፕላን ትኬት እንደዚህ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ ለባቡር ግን አልጠበቅሁም።

ኒውፖርት ላይ ወርጄ ሌላ ባቡር መቀየር ነበረብኝ። መንገድ ላይ "የምልክት ብልሽት" ተብሎ ሜዳ መሐል ቆምን፤ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች አንዳቸውም ቀና አላሉም። ስንደርስ የእኔ ባቡር ሄዷል። ቀጣዩን ስጠብቅ በ3.60 ፓውንድ አንድ ትልቅ ጽዋ ሙሉ ቡና የሚባል ነገር ጠጣሁ፤ ስለ ቡናው ባልናገር ይሻላል። የተቋጠረልኝ ቆሎ ነበር ያዳነኝ።

ቼፕስቶ ስደርስ ወደ ቲንተርን የምትሄደው 69 ቁጥር አውቶቡስ አምልጣኛለች፤ ቀጣይዋ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ናት። ስለዚህ የማላስበውን ቤተ መንግሥት አየሁ። የቼፕስቶ ግንብ ከዋይ ወንዝ በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ነው፤ የተጀመረው በ1067፣ ኖርማኖች እንግሊዝን በወረሩ በዓመቱ ነው። ከ1190 በፊት የተሠሩ ናቸው የሚባሉ የእንጨት በሮች አሉት፤ አሁን ውስጥ ገብተው ነው የሚታዩት። በሮቹ በብረት ተለብጠዋል። ከኋላቸው ያለው የእንጨት ርብራብ እንደ ትናንት ሥራ ጥብቅ ብሏል። በኋላ ዘመን የዚህ ግንብ ጌታ የነበረው ሮጀር ቢጎድ የሚባል መስፍን ነው የቲንተርንን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው። አውቶቡሷ ባታመልጠኝ ይህን ዝምድና በዓይኔ አላየውም ነበር።

ከቼፕስቶ ቲንተርን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ዋሻ ሠርተዋል፣ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። አንዱ መታጠፊያ ላይ የእኛ አውቶቡስና የእርሻ ትራክተር ተፋጠጡ። ጡሩንባ የለም፣ ስድብ የለም። ትራክተሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሹፌራችን እጁን አነሳለት፣ አለቀ። ከመታጠፊያው ወጣ ስንል ገዳሙ ድንገት መንገዱ ዳር ቆሞ አየሁት። ጨለምለም ብሎ ስለነበር ዓይኔን ነቅዬ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ።

ያደርኩበት ቤት የሰባ ዓመት ባልና ሚስት መኖሪያ ነው። ሁለት ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ፣ ቁርስ ጨምሮ ሌሊቱ 85 ፓውንድ። ሴትየዋ ገና በሩ ላይ ሻይ በወተት ይዘው መጡ። ነገ አርብ ስለሆነ ቁርስ ላይ ወተትም እንቁላልም ቅቤም እንደማልበላ አስቀድሜ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነገርኳቸው።

"ሥጋስ?"

"ሥጋም አልበላም።"

"ምስኪን፣ ታመሽ ነው?"

ጾም መሆኑን ሳስረዳቸው ፊታቸው በራ። ሴት አያታቸው አርብ አርብ ሥጋ አይበሉም ነበር አሉኝ።

ቲንተርን፣ መስከረም 23

ጠዋት ወደ ምግብ ቤቱ ስወርድ ሴትየዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የማርጋሪኑን ዕቃ ገልብጠው ያነባሉ። "ወተት አለበት፣ ሌባ!" ብለው ወደ ማቀዝቀዣው መለሱት። የቀረበልኝ በቲማቲም ስልስ የተቀቀለ ባቄላ፣ የተጠበሰ እንጉዳይ፣ ለሁለት የተከፈለ ቲማቲምና በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ነው። ስልሱ ስኳር ይበዛበታል። እንጉዳዩ ግን ልዩ ነበር፤ ደገምኩ።

ገዳሙ ጋ ስደርስ ገና መከፈቱ ነው። ለመግቢያው እዚያው ከፈልኩ፤ ለንደን ላይ ከሚጠየቀው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ቲንተርን በ1131 ሲስተርሲያን ለሚባሉ መነኮሳት የተመሠረተ ነው። አሁን የቆመው ቤተ ክርስቲያን በ1269 ተጀምሮ በ1301 የተባረከው ነው፣ ርዝመቱ 70 ሜትር ይሆናል። ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋ በ1536 መስከረም ወር መነኮሳቱ ወጡ። የከበረው ዕቃ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ሄደ። የጣሪያው ክዳን እርሳስ ስለነበር ተገፎ ተሸጠ። ጣሪያ የሌለው ቤት ደግሞ የአየር ሁኔታው ከሚታወቅ አገር ውስጥ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ወደ ምሥራቁ መስኮት እያየሁ ገባሁ። ቁመቱ ወደ 20 ሜትር ነው። ዱሮ በድንጋይ ዘንጎች ለስምንት ተከፍሎ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ያ መሐለኛው ዘንግ ብቻ ነው። ተርነር ያየውም ይህንኑ ነው። ድንጋዩን የሚጠግኑ ሠራተኞች ስካፎልዲንግ ተክለው የተወሰነውን ክፍል አጥረውት ስለነበር እሱ የቆመበት ቦታ ላይ በትክክል መቆም አልቻልኩም። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አንገቴን አሰገግሁ። ቅስቶቹ በሥዕሉ ላይ ካሉት ያንሳሉ፤ ወይም ልጁ ሳብ አድርጓቸዋል። ሳብ አድርጓቸዋል ባይ ነኝ፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

እዚህ ስደርስ ግን ሐሳቤን የሚያስቀይር ነገር ነበር። ከመስታወቱ መርገፍ በፊት መስኮቱ እንደ ሌሎቹ ገዳማት ቀይና ሰማያዊ የሚነድ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ሲስተርሲያኖች ግን በደንባቸው የመስኮት መስታወት ነጭ እንዲሆን፣ ሥዕልም መስቀልም እንዳይኖርበት ወስነው ነበር። ሰውን ከጸሎት የሚያናጥብ ጌጥ አይፈልጉም። ደንቡ እየላላ የሄደ ቢሆንም የዚህ መስኮት ጌጥ ብሎ አንድ የ15ኛው መቶ ዘመን መንገደኛ የመዘገበው የሮጀር ቢጎድን ጋሻ፣ የለጋሹን አርማ ነው። ምዕመናን ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሰጥተው ስማቸውን በጉልህ ሲያስጠልፉ ያየ ሰው ቢጎድን አይፈርድበትም። ብቻ ተርነር ያን ነጭ ሰማይ ሲተው መነኮሳቱ ከፈለጉት ብዙም አልራቀም።

ሌላው ልዩነት ሐረጉ ነው። በሥዕሉ ላይ ግማሹ ነገር ቅጠል ነው። በ1901 ገዳሙን የእንግሊዝ ዘውድ ከገዛው በኋላ ድንጋዩን እየሰነጠቀ ስለነበር ሐረጉ ተነቀለ። ዛሬ ከሥር የተከረከመ ሣር፣ ከላይ የታጠበ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እንዲቆይ ትክክል ነው፤ ለዓይን ግን የተርነር ይሻለኛል። በዚያ ዘመን ውብ ፍርስራሽ ፍለጋ በጀልባ በዋይ ወንዝ የሚጎርፈው ሰው ብዙ ነበር። አንዱ እንግሊዛዊ ቄስ እንዲያውም የሕንፃው ጫፍ ጫፍ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሎ ስላስቀየመው፣ በዘዴ መዶሻ ቢያርፍበት ይሻል ነበር ብሎ ጽፏል። የሚደፍር አልተገኘም እንጂ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሣልኩ። ቀለሜ በቅዝቃዜው አልደርቅ አለ፤ አንዱ ሽፋን ሳይደርቅ ሌላው ሲጨመርበት ድንጋዩ ጭቃ ሆነ። ተርነር በቦታው ላይ በእርሳስ ነድፎ ቀለሙን ቤቱ ገብቶ ይቀባ የነበረው ለምን እንደሆነ ጣቶቼ ነገሩኝ። እኔም ቀለሙን ከድኜ በእርሳስ ቀጠልኩ። መስኮቱ ውስጥ የሚታየው ሰማይ ብቻ አይደለም፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የእንግሊዝ ዳገት ዛፍ ግማሹን ሞልቶታል። አረንጓዴ፣ ዝገት የመሰለ ቡናማ፣ አልፎ አልፎ ቢጫ። ነፋስ ሲመጣ ቀለሙ ይንቀሳቀሳል። የትኛውም ባለቀለም መስታወት ይህን አያደርግም።

ከሰዓት ወንዙን ተሻግሬ የሰይጣን ስብከት ሰገነት ወደሚባለው አለት ወጣሁ። አንድ ሰዓት የሚሆን ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው፤ የከተማ ጫማዬ እዚያ ቀረ ማለት ይቻላል። ተረቱ እንደሚለው ሰይጣን እዚያ አለት ላይ ቆሞ ከታች ያሉትን መነኮሳት ገዳማቸውን ጥለው እንዲወጡ ይሰብክ ነበር። ከላይ ሲታይ ጣሪያ አልባው ቤተ ክርስቲያን ሥጋው የተበላ የዓሣ አጥንት ይመስላል። ወንዙ ዙሪያውን ተጠማዟል። ተርነር በመጣበት ዘመን በዚህ ሸለቆ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ይጨሱ ነበር፤ አሁን የሚሰማው በጎች ብቻ ናቸው።

ማታ መጠጥ ቤቱ ውስጥ የጾም የሚሆን ስጠይቅ ድንች ጥብስና አተር መጣልኝ፣ ዘጠኝ ፓውንድ። አስተናጋጁ አዝኖልኝ ነው መሰለኝ ድንቹን ሁለት ሰው የሚበላው አድርጎ ነው የከመረው።

ግሎስተር፣ መስከረም 24

ሰውየው በመኪናቸው ቼፕስቶ ድረስ አደረሱኝ፤ ነዳጅ ልክፈል ብላቸው ተቆጡ። ከዚያ ግሎስተር ግማሽ ሰዓት የሚሆን የባቡር መንገድ ነው፣ አብዛኛውን ከሴቨርን ወንዝ ጎን ለጎን።

ግሎስተር የሄድኩት ለማነጻጸር ነው። የዛሬው ካቴድራል ዱሮ የቅዱስ ጴጥሮስ ገዳም ነበር። እሱንም ሄንሪ ስምንተኛ ዘግቶታል፤ ግን በ1541 የጳጳስ መንበር ስላደረገው ጣሪያው አልተገፈፈም። በ1327 የሞተው ንጉሥ ኤድዋርድ ሁለተኛም እዚያ ተቀብሯል። ቲንተርን ንጉሥ አልተቀበረበትም፣ ጳጳስም አልተሾመለትም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ዛሬ አንዱ ጋ ሣር፣ ሌላው ጋ መስታወት ሆኗል።

መግቢያው በነጻ ነው፣ ስጦታ የሚጣልበት ሣጥን አለ። መቅደሱ ጋ ሲደርሱ መስኮቱ ግድግዳውን በሙሉ በልቶታል። የተሠራው በ1350 አካባቢ ነው፤ 22 ሜትር ቁመት፣ 12 ሜትር ወርድ። የዚያ ዘመን ሠሪዎች ግድግዳው ሲያንሳቸው ጎንና ጎኑን ወደ ውጭ አጥፈው አስፍተውታል። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትሩን፣ ለተማሪዎቼ ሳሳይ "ከዚህ የሚበልጥ ብዙም አታገኙም" እል ነበር። አፈወርቅ ራሱ ለንደን ተምሯል፤ ይህን አይቶት ከሆነ ለምን ያን ያህል ትልቅ እንዳሰበ ይገባኛል።

አንድ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ሽማግሌ አንገቴን ወደ ላይ አቅንቼ ሲያዩኝ የራሳቸውን የርቀት መነጽር አውልቀው ሰጡኝ። "ያለዚህ የምታዪው ምንጣፍ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። መነጽሩን ስደቅን ምንጣፉ ሰው ሆነ። መሐል ላይ እመቤታችን ዘውድ ስትቀበል፣ ዙሪያዋን ሐዋርያት፣ ቅዱሳን፣ ከሥር የመሳፍንት ጋሻዎች። በ1346 የክሬሲ ጦርነት ለተዋጉት መታሰቢያ ነው የሚሉም አሉ።

ቅዱሳኑ ግን ቀይ ወይም ሰማያዊ አይደሉም። ነጭ ናቸው። ቀዩና ሰማያዊው ከኋላቸው ያለው ሜዳ ነው። ልብሳቸው፣ ፊታቸው፣ እጃቸው ቀለም አልባ መስታወት ሆኖ የፊት መስመሩ በቀጭን ቡናማ ተነድፏል፤ ጸጉርና ዘውዱ ላይ ብቻ ወርቃማ ቢጫ አለ። ሽማግሌው አሠራሩን ሲነግሩኝ ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩ። ሰማያዊው መስታወቱ ሲቀልጥ ኮባልት ተጨምሮበት ነው፤ ቀዩ በመዳብ ነው፣ እሱ ወፍራም ከሆነ ስለሚጠቁር በነጭ መስታወት ላይ በስሱ ይለበጣል። የፊቱ መስመር የተፈጨ መስታወትና የብረት ወይም የመዳብ ዱቄት በወይን ወይም በሽንት ተለውሶ የተሣለና በምድጃ የተጠበሰ ነው። ቢጫው ደግሞ የብር ውህድ በመስታወቱ ጀርባ ተቀብቶ ሲጠበስ የሚወጣ ነው፤ ይህ ጥበብ እንግሊዝ የገባው በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከዚያ ቁርጥራጩ በእርሳስ ዘንግ ይያያዛል።

አንዱን ሐዋርያ በመነጽሩ ለረጅም ጊዜ አየሁት። በአገጩ ሥር ያለው ጢም ከቀለሙ ላይ ተፍቆ የወጣ ነው፤ ሠዓሊው ቀለሙን ቀብቶ፣ ሳይጠበስ በፊት በእንጨት ጫረው፣ ጢሙን አንድ በአንድ በብርሃን ሣለው። ጢም በብርሃን! ይህ ሰው ከተርነር ወደ 450 ዓመት ቀድሞ ዙሪያውን አጨልሞ ነጩን መተው ገብቶታል። እሱ ግን ከኋላው ፀሐይ ነበረችለት።

ሽማግሌው ከሥር በኩል ዱላ አንሥቶ ኳስ የሚመታ ሰው ያለበትን ትንሽ ክብ መስታወትም አሳዩኝ። ከጎልፍ ጥንታዊ ሥዕሎች አንዱ ነው ይሉታል። ቱሪስቱ ሁሉ የሚጠይቃቸው ይህንኑ ብቻ መሆኑ ቅር እንዳሰኛቸው አልደበቁኝም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መስታወቱ ተፈትቶ ተቀምጦ በኋላ ተመልሶ ተገጥሟል። ያን ሁሉ ቁርጥራጭ መፍታትና መልሶ መግጠም ሳስበው ራሴን አዞረኝ።

መስኮቱን ለመሣል ሞከርኩ፤ አንዱን ቅዱስ ብቻ፣ በእርሳስ። ቀለም አላወጣሁም። ቀይና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲያርፉ የሚሆኑትን አውቃለሁ። በመጨረሻው የቀን ባቡር ለንደን ገባሁ።

ዌስትሚኒስተር፣ መስከረም 26

እሑድ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ ሰኞ ነው የሄድነው። "ነው የሄድነው" የምለው የአክስቴ ልጅ ዕረፍት ስለነበር አብሮኝ ስለመጣ ነው። መግቢያው ለአንድ ሰው ወደ 30 ፓውንድ መሆኑን ሲሰማ "ለንደን ስኖር አንድም ቀን ያልገባሁት በምክንያት ነበር" አለ። በብር ሲመነዘር እኔም ልቤ ደነገጠ።

ዌስትሚኒስተር አቢም ዱሮ የመነኮሳት ገዳም ነበር። በሰሜኑ ክንፉ የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የዴቪድ ሆክኒ ሥራ፣ የንግሥቲቱ መስኮት የሚባለው አለ፤ ለንግሥት ኤልዛቤት ዳግማዊት ዘመን መታሰቢያ በ2018 የተመረቀ ነው። የዮርክሻየር ገጠር አበባ፣ ሃውቶርን የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ሲያብብ ነው የሚያሳየው። ቅዱስ የለ፣ ጋሻ የለ። ሆክኒ የነደፈው በአይፓድ ነው፤ መስታወቱን የሠሩት ዮርክ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው።

ብዙ ሰው አይወደውም፣ ደማቅነቱ ዓይን ይወጋል ይላሉ። የአክስቴ ልጅም "የልጆች መዋያ ይመስላል" አለ። እኔ ወደድኩት። ምክንያቴም ሙያዬ ነው፦ አይፓድ ከኋላው ይበራል። ሆክኒ ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር ቀለሙ መስታወት ላይ እንደሚሆነው ሆኖ ነው የሚታየው። እንደ ተርነር ወረቀት ማታለል አላስፈለገውም። በዙሪያው ያሉት የቆዩ መስኮቶች ግን አጠገቡ ሲታዩ የደበዘዙ ይመስላሉ፤ ያ ለእነሱ አግባብ አይደለም።

ከዚያ በሄንሪ ሰባተኛ የእመቤታችን ቤተ መቅደስ በኩል ሄድን። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት እዚያ መንበሩ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል። አይታይም፤ መታየትም የለበትም። በ2024 መጀመሪያ አቢው ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መመለሱ ተገቢ ነው ብሎ በመርህ ደረጃ ወስኗል። የአክስቴ ልጅ ኮፍያውን አውልቆ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ስለ ሠላሳው ፓውንድ ድጋሚ አላነሣም። አንድ አስተናባሪ መጥቶ መንገዱን እንድንለቅ በትሕትና ጠየቀን፤ ከኋላችን የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ነበር።

መሄድ ለሚፈልግ፦ የቴቱን ቀጠሮ ቢያንስ ከሳምንታት በፊት ያዙ፣ የሥዕሉን ስም በትክክል ጻፉላቸው። ለቲንተርን ጭቃ የሚችል ጫማ ያስፈልጋል። የ69ን የጊዜ ሰሌዳ አስቀድማችሁ እዩ፣ እሑድን አታስቡ። ግሎስተር ላይ የርቀት መነጽር ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘወትር የሚያውሱ ሽማግሌ አይገኙም።